ንጉሡ ፈሪ አይደለም፦ ስለ «ድሬድ» ለተጻፈው ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወር እኔም ዘንድ ደረሰ። ጊዜ ስላለፈባቸው የእንግሊዝኛ ቃላት የተጻፈ ነው፤ ተማሪዎች ባይደክሙባቸው ይሻላል የሚል። ከሁሉ ቀድሞ የተቀመጠው «ድሬድ» የሚለው ቃል ነው። ጸሐፊው ስለ ቃሉ አምስት ነገር ይላሉ። ትርጉሙ ፍርሃት ነው፣ ከፍርሃት የተለየ ነገር የለውም። ቃሉ ሞቷል። «ድሬድፉል» ሲያጋጥማችሁ «አስፈሪ» ብላችሁ ተርጉሙት። «ድሬድሎክስ» የሚለው የጸጉር ስም ስድብ ነው። በመጨረሻም አማርኛ ራሱ ለዚህ ስሜት ከ«ፍርሃት» ሌላ ቃል ስለሌለው መጨነቁ ትርፉ ድካም ነው።

እኔ እንጀራ የምበላው በትርጉም ሥራ ነው። እንዲህ ያለ ጽሑፍ ሳይ ብዙ ጊዜ አንብቤ አልፋለሁ። ይሄኛውን ማለፍ ያቃተኝ በአንድ ምሳሌ ምክንያት ነው። ጸሐፊው «ድሬድ ኪንግ» የሚለውን «ፈሪው ንጉሥ» ብለው ተርጉመውታል። ደግሜ አነበብኩት። ፈሪው ንጉሥ! እንግሊዝኛው የሚናገረው ሕዝብ ሁሉ ስለሚፈራው ንጉሥ ነው። አማርኛው ጋ ሲደርስ ንጉሡ ራሱ ፈሪ ሆኖ ቁጭ አለ። ይሄን የሚያነብ ተማሪ አለ፤ ነገ ፈተና ላይ ይጽፈዋል፣ ከነገ ወዲያ ደግሞ እሱም ተርጓሚ ይሆናል።

ስህተቱ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። በአማርኛ «የሚፈራ ንጉሥ» ብለን ስንጽፍ የጻፍነው ሁለት ንጉሥ ነው። «ፈ» ላልቶ ከተነበበ ንጉሡ ይፈራል። ጠብቆ ከተነበበ ሰው ንጉሡን ይፈራዋል። በተለመደው አጻጻፋችን የሚጠብቀውን ፊደል በምልክት አንለየውም፤ አንባቢው ከዐውዱ ይረዳዋል ብለን እንተወዋለን። ግን አማርኛ ለዚህ የሚሆን የማያሻማ ቃል አለው። «ፈሪ» ላይ የጎደለው «ተ» ብቻ ነው፦ ተፈሪ። ወደዚህ ቃል በኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ነጥቦቹ ልግባ። ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

«ድሬድ ማለት ፍርሃት ነው፣ ሌላ ነገር የለውም» ለሚለው።

አለው። በ1611 የታተመውን የንጉሥ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ ግለጡ። ዘፍጥረት 9፥2 ላይ እግዚአብሔር ለኖኅና ለልጆቹ ሲናገር፣ በምድር አራዊት ላይ የሚወድቀውን በ«ፊር»፣ ማለትም በፍርሃት፣ ብቻ አይገልጸውም፤ «ፊር» እና «ድሬድ» ይላል። ዘጸአት 15፥16 ላይም ሁለቱ ጎን ለጎን ናቸው። ኢሳይያስ 8፥13 ላይም እንደዚሁ። ለማሳመር የተደረገ ድግግሞሽ ነው የሚል ይኖራል። ነገር ግን ዕብራይስጡም ሁለት ቃል ነው ያለው፣ የእኛም መጽሐፍ ቅዱስ የዘጸአቱን «ፍርሃትና ድንጋጤ» ብሎ ለሁለት ከፍሎታል። ተርጓሚዎቹ አንዱ ቃል ሌላውን እንደማይተካው አውቀው ነው ሁለት የፈለጉት።

ልዩነቱ ምንድን ነው? ትልቁ ልዩነት ጊዜ ነው። ውሻ ሲያባርርህ የሚሰማህ ፍርሃት ነው። ውሻው ፊትህ ነው፣ ጥርሱን ታየዋለህ። «ድሬድ» ገና ያልደረሰ ነገር ነው። እየመጣ ነው፣ ትጠብቀዋለህ፣ ልትሸሸው አትችልም።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። እህቴ ሪያድ ሰው ቤት ትሠራ ነበር። የምትደውለው ሁልጊዜ ዓርብ ከሰዓት ነው፣ እናቴም ዓርብ ከሰዓት ከቤት አትወጣም። አንድ ማክሰኞ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ የሳሎኑ ስልክ ጮኸ። እናቴ ነጠላዋን እንኳ ሳትደርብ፣ በባዶ እግሯ፣ ከእኔ ቀድማ ደረሰች። ደርሳ ግን አላነሳችውም። እጇ ከስልኩ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ አየር ላይ ቀረ። ስልኩ አራቴ ጮኸ፣ አምስቴ ጮኸ። «አንተ አንሳው» አለችኝ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ። አነሳሁት። እህቴ ነበረች። ቤቱ እንግዳ ሞልቶት ውሎ ሥራ የጨረሰችው ገና ያን ጊዜ ነው፤ ናፍቀናት ደወለች። ምንም አልሆነችም።

ታዲያ እናቴ ምን ፈራች? የሚያስፈራ ነገር አልነበረም እኮ። ሳሎን፣ ስልክ፣ ልጇ። ቢሆንም በአራተኛውና በአምስተኛው ጥሪ መካከል እዚያ ክፍል ውስጥ የነበረውን ነገር እኔ በ«ፍርሃት» ብቻ ልጠራው አልችልም። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ቢያያት «ድሬድ» ይለዋል። እናቴ ራሷ በማግስቱ ለጎረቤት ስታወራ «ሆዴን ባር ባር አለኝ» ነው ያለችው፤ ልክ ነበረች።

የቃሉ ዘር ራሱ ይሄን ይናገራል። መዝገበ ቃላት አዘጋጆች ከጥንታዊው እንግሊዝኛ «ኦንድሬዳን» ያመጡታል። «ኦንድ» ማለት በተቃራኒ ነው። «ሬዳን» ማለት መምከር ነው፤ ዛሬ ማንበብ ማለት የሆነው «ሪድ» የሚባለው ግሥም የመጣው ከዚሁ «ሬዳን» ነው። በአሥራ ሁለተኛው መቶ ዓመት ገደማ የቃሉ ፊት ተሸራርፎ ወደቀና ከ«ኦንድ» የቀረችው «ድ» ብቻ «ሬድ» ላይ ተለጥፋ ቀረች። እንግዲህ ከሥሩ ስናየው ቃሉ «ተው ብሎ መምከር» ነው። ሆድ ባር ባር ሲል ከውስጥ የሚሰማውን «ተው» አስቡት። ይሄን ሳውቅ ቃሉን ወደድኩት፣ አልዋሽም።

ሁለተኛው ልዩነት አክብሮት ነው። የድሮ እንግሊዞች ንጉሣቸውን ሲለምኑ «ድሬድ ሎርድ»፣ «ድሬድ ሶቭሪን» ይሉ ነበር። በሼክስፒር «ሐምሌት» መጀመሪያ ላይ ሌርቴስ የተባለው ወጣት ወደ ፈረንሳይ ለመመለስ ፈቃድ ሲጠይቅ ንጉሡን የሚጠራው በዚሁ ቃል ነው። በዚያው ተውኔት ሐምሌት ለብቻው ሲናገር ደግሞ ቃሉ ሌላውን ፊቱን ያሳያል፦ ሰው የዚህን ዓለም ግፍ ተሸክሞ የሚኖረው ከሞት ወዲያ ስላለው ነገር ባለው «ድሬድ» የተነሳ ነው ይላል። በአንድ ተውኔት ውስጥ አንዱ ቃል አንዴ ማዕረግ፣ አንዴ ሆድ የሚያባባ ስጋት። ሁለቱንም «ፍርሃት» ብሎ የሚያልፍ ተርጓሚ ሁለቱንም ያጣቸዋል። በአክብሮቱ በኩል ያለው ቤተሰቡ እኛ ቤት የት እንዳለ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። «ግርማዊ ጃንሆይ» እንል አልነበር? ግርማ ማለት በግዕዙ የሚያስፈራ ክብር ነው። «ድሬድ ሶቭሪን» ማለት ይሄ ነው።

«ቃሉ ሞቷል» ለሚለው።

እዚህ ላይ ግማሹን እቀበላለሁ። እንደ ቅጽል፣ ለንጉሥ ማዕረግ የሚሆነው «ድሬድ» አርጅቷል። ዛሬ ለንደን ውስጥ አለቃውን እንዲያ ብሎ የሚጠራ ሠራተኛ አይገኝም። ከትርጉም ሥራም ምስክር አለኝ። ዴንማርካዊው ፈላስፋ ኪርክጎር በ1844 ስለዚሁ ዓይነት ስሜት በጻፈው መጽሐፍ፣ ፍርሃት ተለይቶ የታወቀ ነገርን እንደሚፈራ፣ ይሄኛው ግን ጣት ተቀስሮ «ይሄ ነው» ሊባል የማይችል መሆኑን ለይቶ አስቀምጦ ነበር። በ1944 ወደ እንግሊዝኛ ሲተረጎም ርዕሱ ላይ የገባው ቃል «ድሬድ» ነበር። በ1980 በወጣው ትርጉም በቦታው «አንግዛይቲ»፣ ጭንቀት የሚለው፣ ገባ። ስለዚህ ቃሉ ቦታ መልቀቁ እውነት ነው።

ግሡ ግን ዛሬም ደህና ነው፤ በየቀኑ ይሠራል። እንግሊዝ ወይም አሜሪካ ያለ ዘመዳችሁን ጠይቁ። ሰኞን፣ ጥርስ ሐኪምን፣ ከአለቃ ጋር የሚደረግ ስብሰባን «ድሬድ» ያደርጋሉ። ይሄን የሚያህል ግጥም ያለ የአማርኛ ግሥ ደግሞ በእጃችን አለ፦ ይቀፈኛል። «ነገ ቢሮ መግባቱ ከአሁኑ ይቀፈኛል» ስንል ያው ነው። ፍርሃት አይደለም፣ ስንፍናም አይደለም። የሚመጣውን ነገር ከአሁኑ ሰውነት ሲጠላው ነው።

የሞተ ቃል ስሙን በጦር መርከብ ላይ አያተርፍም። እንግሊዞች በጥቅምት 1905 ፖርትስመዝ ላይ ሥራውን ጀምረው በየካቲት 1906 ባሕር ላይ ያወረዱት መርከብ «ድሬድኖት» ይባላል፤ ምንም የማይፈራ ማለት ነው። 12 ኢንች አፈ ሙዝ ያላቸው 10 መድፎች ነበሩት። ከመምጣቱ የሌላው ዓለም መርከብ ሁሉ ያረጀ ሆነና «ድሬድኖት» የአንድ መርከብ ስም መሆኑ ቀርቶ የመርከብ ዓይነት መጠሪያ ሆነ።

ከዚህ መርከብ ጋር የእኛ ስም የተያያዘበት አንድ ታሪክ አለ፤ ሳልጠቅሰው ባልፍ ደስ አይለኝም። በየካቲት 7 ቀን 1910 ስድስት እንግሊዛውያን ወጣቶች እዚሁ «ድሬድኖት» ላይ ወጡ። አራቱ ፊታቸውን ጥቁር ቀለም ተቀብተው፣ ሰው ሠራሽ ጢም ለጥፈው፣ የአቢሲንያ መሳፍንት ነን አሉ። አንዷ በኋላ ቨርጂኒያ ዉልፍ ተብላ በዓለም የታወቀችው ደራሲ ናት። «አስተርጓሚ» የሆነው ወንድሟ የላቲን ግጥም ቁርጥራጭ እያጣመመ ቋንቋችን አስመሰለው። የባሕር ኃይሉ በክብር ተቀበላቸው። የእኛን ባንዲራ ስላላገኙም የዛንዚባርን ሰቀሉ። አድዋ ከሆነ ገና 14 ዓመቱ ነበር። እንግሊዞች ይሄን እስከ ዛሬ የባሕር ኃይሉን ያዋረደ ትልቅ ቀልድ ብለው ይተርኩታል። እኔ ባነበብኩት ቁጥር የሚታየኝ ያ ጥቁር ቀለም ነው፤ ያማል።

ስለ «ድሬድፉል» አጭር ነው። ዛሬ በአብዛኛው «በጣም መጥፎ» ማለት ነው። አንዲት እንግሊዛዊት ሻይዋን ቀምሳ «ድሬድፉል» ብትል «አስፈሪ ሻይ» ብሎ የሚጽፍ ተርጓሚ ተመልካቹን ግራ ያጋባል። «የማይጠጣ ሻይ» ነው ያለችው። በቪክቶሪያ ዘመን በአንድ ሳንቲም፣ በእነሱ በአንድ ፔኒ፣ የሚሸጡ የደምና የሽፍታ ተከታታይ ታሪኮች ነበሩ፤ «ፔኒ ድሬድፉል» ይባሉ ነበር። እዚያ ላይ «አስፈሪ» ቢባል ያስኬዳል። የአሁን ሰው ንግግር ላይ ግን አይሆንም።

አሁን ወደ ጸጉሩ። እዚህ ላይ ነው ከጸሐፊው ጋር አጥብቄ የምለያየው።

«ድሬድሎክስ» ስድብ ነው ብለዋል፤ ሰው አይቶ ስለሚደነግጥበት የወጣ ስም ነው፣ ስለዚህ ራሳችሁን በዚህ ስም አትጥሩ ብለዋል። ስሙ ከሌሎች ድንጋጤ መጣ የሚል ማብራሪያ መኖሩን አልክድም። ራስ ተፈሪያን ራሳቸው የሚሰጡትን ትርጉም መዝለል ግን ልክ አይደለም። ለእነሱ «ድሬድ» ፈሪሃ እግዚአብሔር ነው። ጸጉሩ የሚያያዘው በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 6 ላይ ካለው የናዝራዊ ስእለት ጋር ነው፤ ምላጭ በራሱ ላይ አይደርስም የሚለው። እኛ ባሕታዊ ያየን ሰዎች ይሄን ለመረዳት ሊከብደን አይገባም።

ለዚህ ስም የተከፈለውን ዋጋም እንይ። በጃማይካ በሚያዝያ 1963፣ ሞንቴጎ ቤይ አቅራቢያ ኮራል ጋርደንስ በተባለ ቦታ ሰው የሞተበት ግጭት ከተነሳ በኋላ ፖሊስ ራስ ተፈሪያንን በጅምላ አፈሰ። ተደበደቡ፣ ታሰሩ፣ ጸጉራቸው በግድ ተላጨ። መንግሥት ይቅርታ የጠየቀው በ2017 ነው። በሌላዋ የካሪቢያን ደሴት በዶሚኒካ ደግሞ በ1974 በሕዝቡ ዘንድ «የድሬድ ሕግ» የተባለ አዋጅ ወጣ። «ድሬድ» የተባለ ሰው ያለ ፍርድ ቤት ማዘዣ ይያዝ ነበር። ሰው ቤት ውስጥ ያለ ፈቃድ ገብቶ የተገኘ «ድሬድ» ቢገደል ገዳዩ አይጠየቅም ነበር። አንድ ሰው በዚህ ስም ሊሞት ይችላል ማለት ነው። እነዚህ ሰዎች ይሄ ሁሉ ደርሶባቸው ስሙን አልጣሉትም። ዛሬ አዲስ አበባ ተቀምጠን «ስማችሁ ስድብ ነው» የምንላቸው እኛ ማን ነን?

ቅድም ያቆየኋትን ቃል አሁን ላምጣት። እንቅስቃሴው የተነሳው ራስ ተፈሪ መኮንን በኅዳር 2 ቀን 1930 ከነገሡ በኋላ ነው፣ የተጠራውም በንግሥና ስማቸው ሳይሆን በቀድሞው ነው። ተፈሪ ማለት ምንድን ነው? የሚፈሩት፣ የሚከበር፣ በፊቱ ሰው ልብሱን የሚያስተካክልለት። በአሮጌው እንግሊዝኛ ልመልሰው ብትሉኝ አንድ ቃል ነው የማገኘው፦ ድሬድ። ስሙን ከእኛ ወሰዱ፣ «ድሬድ» የሚለውን ከእንግሊዝኛቸው አወጡ፣ ሁለቱ አንድ ትርጉም ይዘው ሰው ራስ ላይ ተገናኙ። ከተሰጣቸው መሬት አጠገብ፣ ሻሸመኔ ጃማይካ ሰፈር ቆሜ ይሄን ሳስብ ቆዳዬ ተኮማተረ።

ጸሐፊው ከ«ተፈሪ» ይልቅ «ፈሪ» የሚለውን የመረጡበት ቃል ይሄ ነው እንግዲህ።

የመጨረሻው ነጥብ፣ አማርኛ ከ«ፍርሃት» ሌላ ቃል የለውም የሚለው፣ ከሁሉም በላይ ቅር አሰኝቶኛል። ቋንቋችን ክው አለ የሚል፣ ቆሌው ተገፈፈ የሚል፣ ልቡ ራደ የሚል ቋንቋ ነው። ስጋት ከሽብር፣ ሽብር ከድንጋጤ ይለያል። ገበያ የሄደ ልጅ ሲዘገይ የሚሰማው ስጋት ነው፣ በሩ ድንገት ሲደበደብ የሚሰማው ድንጋጤ ነው፣ እነዚህን የሚያደባልቅ አማርኛ ተናጋሪ የለም። ቃል ሞልቷል። የጠፋው ፈልጎ የማውጣት ትዕግሥት ነው፤ ይሄን የምለው ለእኔም ጭምር ነው፣ ቀን ሲመሽብኝ እኔም «ፍርሃት» ብዬ የዘጋሁት ገጽ አለ።

ከሁሉም የሚገርመኝ «ግሩም» ነው። በግዕዙ ግሩም ማለት የሚያስፈራ፣ የሚያንቀጠቅጥ ማለት ነው። ዳዊት የደገመ ሰው «ግሩም ግብርከ» የሚለውን ያውቀዋል። እንግሊዝኛው እዚያ ቦታ ላይ «ቴሪብል» ይላል። ቅዳሴ ሲጀመር «ሚ መጠን ግርምት ዛቲ ዕለት» ይባላል፤ ይህች ዕለት ምን ያህል የምታስፈራ ናት ማለት ነው። አያቴ ይሄን ስትሰማ ነጠላዋን እስከ ግንባሯ ትስበውና አንገቷን ትደፋለች። ከሰዓት ደግሞ ታናሽ ወንድሜ ቴሌቪዥኑ ፊት ቆሞ «ግሩም ጎል!» ብሎ ይጮኻል። አንድ ቃል ነው። እንግሊዞች ጋ የሚያስፈራው ክብር ወደ «ድሬድፉል» ሄዶ የማይጠጣ ሻይ ሆነ። እኛ ጋ ያው ስሜት ወደ ምስጋና ሄዶ ጎል ሆነ። አንድ ስሜት በሁለት አገር እንዲህ በተቃራኒ ሲጓዝ ማየት ለእኔ ከማንኛውም ልብ ወለድ ይበልጣል። «መማር የለበትም» የተባለው እንግዲህ ይሄ ነው።

ጸሐፊው ጽሑፋቸውን አርመው የሚያወጡት ከሆነ አንድ ነገር ብቻ እለምናቸዋለሁ። «ፈሪው ንጉሥ» የሚለው ይውጣ። በቦታው «ተፈሪው ንጉሥ» ቢሉ ትርጉሙ ይቃናል፤ የዛሬ ጆሮ ግን የሰው ስም መስሎት ሊሰናከል ይችላል። እኔ ብሆን «ግርማዊው ንጉሥ» እላለሁ። የሐምሌቱን፣ ከሞት ወዲያ ስላለው ነገር የሚለውን፣ ሦስት ጊዜ ሞክሬዋለሁ። «ስጋት» አነሰብኝ፣ «ድንጋጤ» ፈጠነብኝ። አሁን ወረቀቴ ላይ ያለው «ረዓድ» ነው፣ በእርሳስ።